ፈርናንዶ ቶሬስ ቼልሲ ሲገባ ምን ነካው?

ጥያቄ፦ «የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። የቶሬስ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንፊልድ ላይ ተከላካይ ሁሉ የሚፈራው አጥቂ እንዴት ክለብ ስለቀየረ ብቻ ባዶ ጎል የሚስት ሆነ? ዲኤስቲቪ ቤት ክርክሩ አያልቅም። አንዱ ‹50 ሚሊዮኑ ከብዶት ነው› ይላል። ሌላው ‹ልቡ ሊቨርፑል ቀርቶ ነው› ይላል። እናንተ ባለሙያዎቹ ምን ትላላችሁ? ደግሞስ ሲጠቃለል የተሳካለት ነው ወይስ የከሸፈ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጥቂዎችን ማሰልጠን እንጀራዬ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። አጭሩ መልስ ይኸውልህ፤ ቶሬስ የወረደው ቼልሲ ገብቶ አይደለም። መውረድ የጀመረው ገና ቀዩን ማልያ ለብሶ ነው። ጎሎቹ ሸፈኑለት እንጂ እግሩ ቀድሞ ተነክቶ ነበር። ቼልሲ የገዛው የ2008ቱን ቶሬስ መስሎት ነው፤ የመጣለት ግን የ2011 ቶሬስ ነበር። ከዚያም አልፎ ለሱ በማይመች አጨዋወት ውስጥ ከተተው። ጫናው የመጣው ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

አጥቂ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ አለ። ሳጥን ውስጥ አድፍጦ አንዲት ንክኪ የሚጠብቅ አለ። ቶሬስ ከተከላካይ ጀርባ ያለውን ባዶ ሜዳ የሚበላ አጥቂ ነበር። ፈጣን ነበር ብለህ ብቻ እንዳታልፈው፤ ፈጣን አጥቂ ሞልቷል። የሱ ልዩ ነገር አነሳሱ ነው። ከመሀል ተከላካዩ ትከሻ ጋር እኩል ይቆማል፣ ኳሱ ከአማካዩ እግር ሊወጣ ሲል ይነሳል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው እርምጃ ላይ ይቀድማል። አንዴ ከቀደመ ደግሞ ቁመቱና ትከሻው ተከላካዩን ከኋላ ያስቀሩታል። የመጀመሪያ ንክኪው ኳሱን ለማቆም ሳይሆን ወደፊት ለመግፋት ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ነሐሴ 2007 አንፊልድ ላይ በሊጉ ያስቆጠራትን የመጀመሪያ ጎል ታስታውሳለህ? ያውም ቼልሲ ላይ። ጄራርድ ኳሱን ወደ ግራ ሰደደለት። ቶሬስ ታል ቤን ሃይምን በአንዲት ንክኪ አልፎት ሄደና በቀኝ እግሩ ወደ ሩቁ ቋሚ አሳረፋት። ሰኔ 2008 ቪየና ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመን ላይ ያገባትም የዚያችው እህት ናት። ዣቪ ከመሀል ሰነጠቀለት። ፊሊፕ ላም ኳሷን ቀድሞ የሚያገኛት መስሎት ነበር። ቶሬስ ከኋላው መጥቶ ቀደመውና ከበረኛው ከሌማን በላይ አሳለፋት። ስፔን 1 ለ 0 አሸንፋ ከ44 ዓመት በኋላ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። ሁለቱንም ጎሎች የፈጠረችው ያቺ በጣም ትንሽ የሆነች የእርምጃ ብልጫ ናት። እሷ ከሌለች ላም ኳሱን ያወጣታል፤ እኛም ስለ ሌላ ሰው እናወራ ነበር።

አትሌቲኮ ማድሪድ ውስጥ ስላደገበት ጊዜ ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ግን መነሳት አለበት። ይህ ልጅ በጣም ቶሎ ነው ሸክም የተጫነበት። የማድሪድ አጎራባች በሆነችው ፉዌንላብራዳ ነው የተወለደው፣ መጋቢት 1984። በ11 ዓመቱ አትሌቲኮ ገባ። በግንቦት 2001 ለዋናው ቡድን ሲሰለፍ 17 ዓመቱ ነበር፤ ክለቡም ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። በ19 ዓመቱ አምበል አደረጉት። እንግዲህ አስበው፤ ጉርምስናው በቅጡ ሳያልቅ በየሳምንቱ የትልልቅ ተከላካዮችን ክርንና ጉልበት የሚቀበል ልጅ ነው። ደጋፊው «ኤል ኒኞ»፣ ልጁ፣ ይለው የነበረውም ለዚህ ነው። 24 ዓመት ሳይሞላው ሰውነቱ ብዙ አጥቂዎች በ28 ዓመታቸው የሚደርሱበትን የጨዋታ ብዛት አልፎ ነበር። በኔ ሙያ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጋዜጠኛ ግን ዘሎት ያልፋል።

ሊቨርፑል ያ ሩጫ የሚፈልገው ሁሉ የተዘጋጀለት ቤት ነበር። አሰልጣኙ ራፋ ቤኒቴዝ ጄራርድን ከኋላው አስቀመጠለት። ከጄራርድ በስተኋላ ዣቢ አሎንሶ አለ፤ አርባ ሜትር ኳስ እንደ እጅ የሚወረውር ሰው። አጠገቡ ማሼራኖ አለ፣ ኳስ የሚነጥቅ። ቡድኑ ኳስ ከነጠቀ በኋላ በሁለት ቅብብል ቶሬስ ጋር ይደርስ ነበር። ውጤቱን ታውቀዋለህ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ ብቻ 24 ጎል። አንድ የውጭ አገር ተጫዋች በመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ዓመቱ ያን ያህል አግብቶ አያውቅም ነበር፤ ቀድሞ ሪከርዱን ይዞ የነበረው ቫን ኒስቴልሮይ 23 ነበረው። በ2008 ባሎን ዶር ከሮናልዶና ከሜሲ ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ። ለሊቨርፑል በአጠቃላይ በ142 ጨዋታ 81 ጎል አስቆጥሯል።

ታዲያ ስንጥቁ የት ጀመረ?

በ2008/09 ጀመረ። ሊቨርፑል 86 ነጥብ ሰብስቦ ሁለተኛ የወጣበት ዓመት ነው። ያን ዓመት ቶሬስ በሊጉ የተጫወተው 24 ጊዜ ብቻ ነው። የጭኑ የኋላ ጡንቻ፣ ሜዳ ላይ ሀምስትሪንግ የምንለው፣ ደጋግሞ አስቀመጠው። ሯጭ አጥቂን የሚያስነሳው ይህ ጡንቻ ነው። ሲጎዳ ይድናል፤ ግን አንዴ የተጎዳ በድጋሚ የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። ተጫዋቹም ሳያውቀው ሩጫውን መቆጠብ ይጀምራል። እዚህ ጋ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሁልጊዜ «ያን ዓመት ቶሬስ ሙሉ ቢሆን ዋንጫው የኛ ነበር» ይላሉ። አልከራከርህም፤ እኔም እንደዚያ ነው የማስበው።

ከዚያ ጉልበቱ መጣ። በ2009/10 በሊጉ 22 ጨዋታ ተሰልፎ 18 ጎል አገባ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «እንዲያውም ተሻሽሏል» ይላል። ግን በጥር 2010 የቀኝ ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ጉዳቱ ሜኒስከስ ላይ ነበር። ሜኒስከስ በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ትራስ ሆኖ ምቱን የሚቀበል አካል ነው። ተመልሶ መጣ፣ ጎል አገባ፣ ሚያዝያ ላይ ቤንፊካን ሁለት ጎል አስቆጠረበት። ብዙም ሳይቆይ ያው ጉልበት እንደገና ተከፈተ። በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ ጉልበት!

ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን መደረግ ነበረበት? እረፍት፣ ቀስ ብሎ ጡንቻ መገንባት፣ ሙሉ የዝግጅት ጊዜ። የሆነው ግን የዓለም ዋንጫ ነው። በሰኔ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በውድድሩ አንድም ጎል አላስቆጠረም። የስፔን አሰልጣኝ ዴል ቦስኬ ለፍጻሜው ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ጭማሪ ሰዓት ላይ ቪያን ቀይሮ ገባና ጨዋታው ሳያልቅ ጡንቻው ተጎድቶ ሜዳ ላይ ተኛ። ስፔን ዓለምን ስትረታ እሱ እያነከሰ ነው ሜዳሊያውን የወሰደው። ያ ክረምት ለአገሩ ወርቅ፣ ለእግሩ ደግሞ ትልቅ ዕዳ ነበር።

ወደ ክለቡ ሲመለስ የጠበቀው ሊቨርፑል ራሱ ሌላ ነበር። አሎንሶ ከዓመት በፊት ለሪያል ማድሪድ ተሽጧል። ቤኒቴዝ ሄዷል። ማሼራኖ ነሐሴ ላይ ባርሴሎና ገባ። ባለቤቶቹ ሂክስና ጊሌት ክለቡን ዕዳ ውስጥ ነክረውት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተቱ ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ሆጅሰን ደግሞ ቡድኑን ወደኋላ አፈግፍጎ እንዲከላከል አደረገው። ቶሬስ ብቻውን ከፊት ቀረ። ያ ኳስ የሚሰነጥቅለት ሰው የለም። በዚያ ዓመት እስከ ጥር በ23 የሊግ ጨዋታ 9 ጎል ነው ያስቆጠረው።

ከነዚህ ሁለቱ ኅዳር 7 ቀን 2010 በቼልሲ ላይ የገቡ ናቸው። ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሸነፈ። አንፊልድ አበደ፤ ሁሉም «ተመለሰ!» አለ። የቼልሲ ሰዎችም ያን ቀን ከሜዳው ዳር ሆነው እያዩ ነበር፤ ለነሱ መጥፎ ትዝታው አዲስ አልነበረም። ከሦስት ወር ሳይሞላ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉበት። በብሪታኒያ እስከዚያ ቀን ለአንድ ተጫዋች ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ጥር 31 ቀን 2011 የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ነው ያለቀው። በዚያው ቀን ሊቨርፑል ሱዋሬዝንና አንዲ ካሮልን አመጣ። ካሮል 35 ሚሊዮን፣ ሱዋሬዝ ከዚያ ባነሰ ዋጋ። ያን ቀን ማን እንዳተረፈ ለአንተ ለሊቨርፑሉ ደጋፊ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ቼልሲ። እዚህ ጋ ነው ክርክሩ የሚሳሳተው።

ቼልሲ ወደ 2010/11 የውድድር ዓመት የገባው የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ ነው። ሻምፒዮንን የሚገጥም ቡድን ወደ ሳጥኑ ተጠግቶ ይከላከላል። ከተከላካይ ጀርባ ሜዳ የለም፤ ያለው ሃያ ሜትር የማይሞላ ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ድሮግባ ነው፤ ተከላካይ ተሸክሞ ኳስ የሚይዝ፣ በግንባሩ የሚገጭ፣ ላምፓርድ ከኋላ እስኪደርስ የሚጠብቅ። ቶሬስ ያን አላደገበትም። ያ ወደፊት የሚገፋ የመጀመሪያ ንክኪ ጠባብ ቦታ ላይ ኳስ ማጥፋት ይሆናል። አሰልጣኙ አንቸሎቲም ድሮግባን፣ አኔልካንና ቶሬስን አንድ ላይ ለማስገባት ሲሞክር የቡድኑን ሚዛን አጣ።

የመጀመሪያ ጎሉ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ዌስትሃም ላይ፣ ውሃ በቋጠረ ሜዳ። 903 ደቂቃ ጠብቋታል። እስከ ውድድሩ ማብቂያ በ18 ጨዋታ ያቺው አንዲት ጎል ብቻ ቀረች። ከዚያ ደግሞ አሰልጣኝ በአሰልጣኝ ላይ፤ አንቸሎቲ፣ ቪላስ ቦአስ፣ ዲ ማቴዎ፣ ቤኒቴዝ፣ ሞሪንሆ። በሦስት ዓመት ተኩል አምስት። እያንዳንዱ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች ከምንም በላይ የሚፈልገው ደግሞ የተረጋጋ ቤት ነው።

ጫናውን ጨርሼ አልክድም። መስከረም 2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የሳታትን ሁሉም ያስታውሳታል። የዩናይትዱን በረኛ ዴ ሂያን አልፎ፣ ጎሉ ባዶ ሆኖ፣ ወደ ውጪ። ሰው የሚረሳው ግን በዚያው ጨዋታ ቀደም ብሎ ጎል ማግባቱን ነው። ከዚያ ዓመት መጸው እስከ መጋቢት 2012 ድረስ ለክለቡም ለአገሩም 24 ጨዋታ ያለ ጎል ሄደ። ጎል የራበው አጥቂ ከኳሱ በፊት በረኛውን ያያል፣ ከበረኛው በፊት ደግሞ የነገውን ጋዜጣ። እግሩ ያመነታል። ይህ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። ነገር ግን እንደኔ ሥሩ አይደለም፤ ጫና ብቻ ቢሆን ኖሮ ትልቅ መድረክ ላይ ይብስበት ነበር።

አልባሰበትም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው የሆነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 2012 ካምፕ ኑ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ። ቼልሲ ቴሪን በቀይ አጥቶ በ10 ሰው ባርሴሎናን ይከላከላል። ቶሬስ ድሮግባን ቀይሮ ገባ። ባርሴሎና ሁሉንም ሰው ወደፊት ልኳል። በ91ኛው ደቂቃ አንዲት የተጠለዘች ኳስ ከሁሉም ጀርባ ወደቀች። ግማሽ ሜዳ ባዶ! ብቻውን ሮጦ ቫልዴስን አለፈና አገባ። 2 ለ 2፤ ቼልሲ ፍጻሜ ገባ። ከኦልድ ትራፎርዷ ጋር አንድ ዓይነት ሁኔታ ናት፤ በረኛ ማለፍና ባዶ ጎል። ይህቺ ግን ገባች፤ ለዚያውም የግማሽ ፍጻሜ ነፍስ የተንጠለጠለባት ሰዓት ላይ። ሙኒክ ላይ በፍጻሜው ደግሞ፣ በ88ኛው ደቂቃ ድሮግባ በግንባሩ ያገባትን የማዕዘን ምት ያስገኘው ተቀይሮ የገባው ቶሬስ ነው። ይህን የሚያስታውስለት ሰው ጥቂት ነው።

በዚያው ክረምት በአውሮፓ ዋንጫ ሦስት ጎል አስቆጥሮ የወርቅ ጫማውን ወሰደ። ሁለቱ አየርላንድ ላይ ናቸው። ሦስተኛዋ ፍጻሜው ላይ ጣሊያን ላይ ናት፤ ቀጥሎም ለቡድን ጓደኛው ለሁዋን ማታ ጎል የሆነች ኳስ አቀበለው። ፍጻሜውን ልብ ብለህ እየው። ጣሊያን ቅያሪዋን ጨርሳ፣ ቲያጎ ሞታ ተጎድቶባት በ10 ሰው ቀርታ፣ ተከላካዮቿ ደክመው ነው ቶሬስ የገባው። ሜዳው ተከፍቷል፣ ኳስ የሚሰነጥቀው ዣቪ ነው። ማለትም ድሮ የነበሩት ሁኔታዎች ሲሟሉለት ድሮ ያደርገው የነበረውን አደረገ። በሁለት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል ያገባ የመጀመሪያው ተጫዋችም ሆነ። (በ2013 ኮንፌዴሬሽን ካፕ ታሂቲ ላይ ያገባቸውን አራቱን አልቆጥርም፤ ስፔን 10 ለ 0 ያሸነፈችበት ጨዋታ ነው።)

ቤኒቴዝ ቼልሲን ለጥቂት ወራት ሲይዝም ቁጥሩ ተነሳ። በ2012/13 በሁሉም ውድድር 22 ጎል ነበረው። በአምስተርዳሙ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቤንፊካ ላይ የመጀመሪያዋን ያገባው እሱ ነው። መጥፎ ዓመት አልነበረም። ግን ከነዚያ ጎሎች ጥቂቶቹ ናቸው በሊጉ የገቡት፤ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ የሚያየው ሊጉን ነው። በአጠቃላይ ለቼልሲ በ172 ጨዋታ 45 ጎል፣ በሊጉ 20 ብቻ። 50 ሚሊዮን ለከፈለ ክለብ ኪሳራ ነው፤ በዚህ አልሟገትልህም።

«ልቡ ሊቨርፑል ቀረ» ለሚለው ወዳጅህ አጭር መልስ አለኝ። ልቡ የትም ከቀረ ማድሪድ ነው የቀረው። ሚላን ላይ 10 ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ጎል ካገባ በኋላ ጥር 2015 አትሌቲኮ ሲመለስ፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን 45,000 ሰው የክለቡን ስታዲየም ካልዴሮንን ሞልቶ ጠበቀው። ከቀናት በኋላ በርናባው ላይ በኮፓ ዴል ሬይ ሪያል ማድሪድ ላይ ሁለት አገባ። የአትሌቲኮ አሰልጣኝ ሲሞኒ እንደ ድሮው እንዲሮጥ አልጠየቀውም። ኳስ እንዲይዝ፣ ጫና እንዲያደርግ፣ ለግሪዝማን ቦታ እንዲከፍት ነው የጠየቀው። በ2015/16 በሊጉ 11 ጎል አገባ። ለኔ ይህ የሥራ ዘመኑ በጣም የሚያስደንቀኝ ክፍል ነው፤ ፍጥነቱን ያጣ ሯጭ በ31 ዓመቱ ሌላ ሙያ ተማረ። ቼልሲም እንዲያደርግ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ማድሪድ ላይ ጊዜ ተሰጠው፣ ሲስትም ማንም አልጮኸበትም።

ስለ መክሸፍ ለጠየቅከው ልመለስ። የዓለም ዋንጫ፣ ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ኤፍኤ ካፕ፣ ሁለት ዩሮፓ ሊግ። ለስፔን 110 ጨዋታ፣ 38 ጎል። ይህን የያዘን ሰው ከሸፈ ማለት ይከብዳል። የሚገርመው ግን ዋንጫዎቹ የት እንዳሉ ነው። አንተ የምትናፍቀው፣ ዓለም ሁሉ የፈራው የሊቨርፑሉ ቶሬስ በክለቡ አንድም ዋንጫ አላነሳም። የተሳቀበት የቼልሲው ቶሬስ ግን ሦስት አነሳ። ከልጅነቱ ክለቡ ጋር የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ያገኘው ደግሞ በ34 ዓመቱ ነው። ግንቦት 2018 ሊዮን ላይ አትሌቲኮ ማርሴይን 3 ለ 0 ሲረታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ገባ፤ ከአምበሉ ከጋቢ ጋርም ዋንጫውን አብሮ አነሳ። ከቀናት በኋላ በስንብት ጨዋታው ኤይባር ላይ ሁለት ጎል አግብቶ ሄደ። ጃፓን ውስጥ ለሳጋን ቶሱ ተጫውቶ ነሐሴ 2019 ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ በኋላ አትሌቲኮ ውስጥ ወጣቶችን ወደ ማሰልጠኑ ገባ።

ክርክሩን ሰፈር ላይ በማስረጃ መቋጨት ከፈለግህ ሁለት ጨዋታ ፈልገህ ጎን ለጎን እይ። አንዱ መጋቢት 2009 ሊቨርፑል ማንቸስተር ዩናይትድን ኦልድ ትራፎርድ ላይ 4 ለ 1 የረታበት ነው፤ ቪዲች ረጅሟን ኳስ ሲያመነታባት ቶሬስ የነጠቀውን እይ። ሌላው ያው ሜዳ ላይ በ2011 የሳተበት ነው። የሳታትን ደቂቃ ግን ተዋት፤ ሁሉም አይቷታል። ከዚያ ይልቅ ቀሪዎቹን 80 ምናምን ደቂቃዎች እይ። ቶሬስ ስንት ጊዜ ከተከላካይ ጋር እኩል ተነስቶ ስንት ጊዜ እንደቀደመ ቁጠር፤ ከዚያ የ2009ኙን መልሰህ ክፈትና በተመሳሳይ መንገድ ቁጠር።